ሱሄል እስኪወጣ የተኛው ሣር

ጠርፋ ጣቷን ከሣሩ ግርጌ ወደ አሸዋው ሰደደችና ጊንጥ እንደነደፋት ሁሉ መንጭቃ አወጣችው። አሸዋው እርጥብ ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነው። ከመስጊዱ ግድግዳ እስከ መንገዱ ጠርዝ በተዘረጋችው በዚያች ጠባብ መሬት ላይ እርጥበት የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም። የአሱር ሶላት አልፎ እንኳ ነፋሱ ከዳቦ መጋገሪያ አፍ የሚወጣ ይመስላል፤ የመኪና በር ያለ ጨርቅ አይያዝም። ጠርፋ የታመመ ግራ ጉልበቷን እየሳበች ወደ ቀጣዩ ጉብታ ተጠጋች። እርጥብ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ነካች። እርጥብ። ገለባውን በሁለት እጇ ገልጣ አሸተተችው። ምግብ እንደያዘ ተከድኖ መኪና ውስጥ የተረሳ የምሳ ዕቃ ሽታ መጣባት።

«ማን ነው?» አለች፣ በአካባቢው ማንም ሳይኖር። «ማን ነው የሚገድልብኝ?»

ሣሩን ነሲ ይሉታል። ቁመቱ ከስንዝር ብዙም አያልፍም፤ ሁለት እጅ ቢያቅፈው የሚሞላ ክብ ጉብታ ነው። በብርዱ ወራት የሚጥለውን ጥቂት ዝናብ ይጠጣና በመጋቢት ነጭ ላባ ያወጣል። ላባው ከመቅለሉ የተነሳ ነፋስ ያለ በማይመስልበት ቀን እንኳ ይንቀጠቀጣል፤ ፀሐይ ከጀርባው ዝቅ ስትል ደግሞ መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ከዚያ በሰኔ መግቢያ፣ ሱረያ የሚሏቸው ከዋክብት ንጋት ላይ ተሰብስበው ሲታዩ፣ ነሲ ይተኛል። ይገረጣል፣ ይደርቃል፣ ገለባ ይሆናል። ያየው ሁሉ ሞተ ይላል። በነሐሴ መጨረሻ ሱሄል የተባለው ኮከብ በደቡብ በኩል ብቅ ብሎ የሌሊቱ ሙቀት እስኪሰበር ድረስ ማንም ሊቀሰቅሰው አይገባም። በዚያ እንቅልፍ መሀል ውሃ ካገኘው፣ ውሃው በጋለው አሸዋ ውስጥ ይፈላል፤ ሣሩም ከእግሩ ጀምሮ ይበሰብሳል።

ጠርፋ የተወለደችው በድንኳን ነው። የአባቷ ግመሎች ነሲ የበሉ ቀን ወተታቸው ይጣፍጥ ነበር። ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ከኡነይዛ ከተማ ዳር ወዳለው ወደዚህ ሰፈር ገባ፤ ድንኳኑ በግንብ ተተካ። አገባች፤ አልወለደችም። ባሏ ሌላ ሲያገባባት ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ወንድሟ ወደ ሚትዓብ ቤት ተመለሰች። ሚትዓብ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቦቴ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ከቀዩ የአሸዋ ክምር ጀርባ ላሉ ጠጠር አምራቾች ውሃ ሲያደርስ ከጎኑ አስቀምጧት ሄደ። ጠርፋ በልጅነቷ የዋለችበት ሸለቆ ነበር። አጥሩ ተጀምሯል፤ የጠጠር መቆፈሪያው ማሽን ተተክሏል። ከቦቴው ወረደችና አንዲት ቃል ሳትተነፍስ የነሲውን ፍሬ በራስ መሸፈኛዋ ጫፍ መሰብሰብ ያዘች። ሚትዓብ ጥሩምባውን ቢያንጣጣም ዞር አላለችም። በሌላ ጊዜ ሲመለሱ ሸለቆው ተቆፍሮ የለም። ሰው እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ከብት እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ሸለቆ ይጠፋል ብላ ግን አስባ አታውቅም ነበር።

ፍሬውን በእርጎ ባልዲዎች ዘርታ በግቢው ጥላ አበቀለችው። የመስጊዱ ፊት ለፊት ያን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ሣር ነበረበት፤ ሌት ተቀን ይጠጣል፣ ሙቀቱ ሲመጣ ይሞታል፣ እንደገና ይገዛል። የመስጊዱን ጉዳይ የሚከታተሉት አቡ ጋኒም በዚህ ነገር ሲሰለቹ ጠርፋ በበሯ ስንጥቅ ቆማ «ለእኔ ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰጧት። በመጋቢት ላባው ሲወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ ከመግባቱ በፊት ቆሞ ያይ ጀመር፤ አንድ ሽማግሌ ሲያዩ ቆይተው ሶላት አመለጣቸው ተብሎ ተወራ።

አሁን ግን ገለባ ነው። ሰፈሩም ይስቃል። አቡ ጋኒም ከሳምንት በፊት መጥተው ነበር።

«እህታችን ጠርፋ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሏት፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው።

«አይደሉም፣ አቡ ጋኒም።»

«ሰዎቹ ግን የሞተ ነገር በአላህ ቤት ደጃፍ ምን ይሠራል ይሉኛል። አንድ ነጋዴ የፕላስቲክ ሣር በነጻ ላንጥፍ ይላል። አረንጓዴ ነው፣ አይጠጣም፣ አይሞትም።»

«ያልኖረ ነገርማ በምን ይሞታል?»

አቡ ጋኒም ሳቃቸውን ዋጡት። «እሺ፤ ሱሄል ከወጣ በኋላ አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። አንድ አረንጓዴ ነገር ያሳዩኝ። አለዚያ ይነሳል፤ እንዳይቀየሙኝ።» ሲሄዱም ለሞተ ነገር ውሃ አይባክን ብለው የአትክልቱን ቧንቧ በቁልፍ ዘጉት። ጠርፋ ደስ አላት። ከሱሄል በፊት ውሃ ይነካዋል ብላ የምትሰጋበት አንድ ቀዳዳ ተደፈነላት።

ታዲያ ይህ እርጥበት ከየት መጣ?

በማግስቱ ከአሱር ሶላት በኋላ ከበሯ ጀርባ ተቀምጣ በስንጥቁ ጠበቀች። ብዙም አልቆየች። የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና ወድሓ ወጣች፤ በእጇ ባልዲ ይዛለች።

ወድሓ ጎረቤቷ ናት። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር አንድያ ልጇ ዓጅላን ግመሎቹን ሊያይ ከቀዩ አሸዋ ማዶ ሄዶ መኪናው አሸዋ ውስጥ ተዋጠበት። ሲያገኙት በመኪናው ጥላ ሥር በጥም ሞቶ ነበር፤ የራዲያተሩ ክዳን ውሃ ፍለጋ ተከፍቷል። ይህን የክዳን ነገር ለእናቱ መንገር አልነበረባቸውም፤ ግን አንዱ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ወድሓ ከግድግዳዋ ውጭ ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ተክላለች፤ ኩባያዎቹ በሰንሰለት ታስረዋል። መንገደኛው፣ የጎዳና ጠራጊው፣ የተጠማ ሁሉ ይጠጣል፤ ምንዳው ለዓጅላን ነፍስ ነው። ከዚህ በቀር ወድሓ ከሰው አትገናኝም። ኡም ዓጅላን፣ የዓጅላን እናት፣ ብሎ የሚጠራትም የለም። እናት በበኩር ልጇ ስም በምትጠራበት ሰፈር ስሙን በፊቷ ማንሳት ሁሉም ፈራ፤ እናም ሴትዮዋ ከልጇ ጋር ስሟንም አጣች።

ጠርፋ በስንጥቁ አየቻት። ወድሓ ከማቀዝቀዣው ባልዲውን ሞላች፤ ቀዝቃዛው ውሃ ባልዲውን ሲያላበው ይታያል። ወደ ሣሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ ለአንዱ ጉብታ አፈሰሰች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወደሚቀጥለው አለፈች። የታመመ ሰው ራስ ደግፎ እንደሚያጠጣ፣ ቀስ ብላ፣ በጥንቃቄ። ባልዲው ሲያልቅ ቀና አለችና ተነፈሰች። ፊቷ ያረፈ ፊት ነበር። ጠርፋ ዓመት ሙሉ ያን ፊት እንዲህ አይታው አታውቅም።

ልትወጣ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ነበር። እጇ እዚያው ቀረ።

«ማን እንደሆነ አገኘሽው?» አላት ሚትዓብ፣ ተምር እያኘከ።

«ወድሓ ናት።»

ማኘኩን አቆመ።

«ንገራት» አለችው ጠርፋ።

«እኔ? እኔ ልንገራት? ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ውሃ ሳመላልስ ኖሬ ልጇ በጥም ለሞተባት ሴት ውሃ አታፍስሺ ልበላት? ደግሞስ አንቺ፣ ከምድር ሣር ሁሉ መርጠሽ ውሃ የሚጠላ ሣር ነው የምታሳድጊው? ጠላቴ ብትሆኚ እንጂ እህቴ አይደለሽም።»

«ቀልዱን ተወው።»

«አልቀለድኩም» አለ። እውነትም አልቀለደም።

ስለዚህ ጠርፋ የፈሪ ዘዴ ጀመረች። ማለዳ ላይ የወድሓን ባልዲ ከደጃፏ አንስታ ከገዛ ግቢዋ ደበቀችው። ወድሓ በሻይ ጀበና መጣች፤ ጀበናው ትንሽ ስለሆነ አሥር ጊዜ ተመላለሰች። ጠርፋ ጉብታዎቹን በእሾሃማ የግራር ቅርንጫፍ ከለለቻቸው። ወድሓ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በጣቷ ጫፍ አነሳች፣ አጠጣች፣ መልሳ እንደነበረው አድርጋ ከደነች፤ ስትጨርስም ለጠርፋ በር እጇን አውለበለበች። አጥሩን የሠራችው ጠርፋ ፍየል ፈርታ መሰላት። እንዲያውም በዚያው ምሽት ጠርፋ በሯ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ከሊጃ ብስኩት አገኘች።

የመበስበሱ ጥቁረትም በየቀኑ ይራመድ ነበር። ከማቀዝቀዣው በኩል ተነስቶ መሀሉ ላይ ደረሰ። ጠርፋ ማለዳ ማለዳ እየወጣች የጉብታዎቹን እግር ትነካለች፤ ጠንካራው ይቋቋማታል፣ የበሰበሰው በእጇ ላይ ተነቅሎ ይቀራል። ከዚያ ሸለቆ የተረፈው ይኸው ነው። ሌላ ፍሬ የለም፤ የቀረውን ሁሉ እዚህ አፍስሳዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወድሓ ባልዲ ገዝታ በመጣች ቀን፣ ጠርፋ በሩን ከፍታ ወጣች።

«ወድሓ፣ ውሃውን ተይው።»

ወድሓ ፈገግ ብላ ቀና አለች። «አትጨነቂ እህቴ። ጉልበትሽን አላውቅም? እኔ አለሁልሽ አይደል?»

«ጉልበቴ አይደለም። ሣሩ ውሃ አይፈልግም።»

«በዚህ ሙቀት?»

«በዚህ ሙቀት ነው የማይፈልገው። ተኝቷል።»

«ምን ተኝቷል ትያለሽ፤ ተጠምቷል እንጂ! እዪው እስቲ፣ ከንፈሩ ደርቆ…»

የመስጊዱ አየር ማቀዝቀዣ ብቻ ያጉረመርማል። ወድሓ ባልዲውን ወደ ጤነኛው ወገን አዘነበለችው። ጠርፋ ደነገጠች፤ የባልዲውን ጠርዝ ያዘች።

«እየገደልሽው ነው!»

ቃሉን መልሳ ልትውጠው በወደደች። ወድሓ ግን ሰምታዋለች።

«እኔ ነኝ የምገድለው?» አለች ቀስ ብላ። «ውሃ ነው የሚገድለው? ልጄንም ውሃ ነው እንዴ የገደለው?»

«እንደሱ አላልኩም፤ አላህ ያውቃል…»

«ወልደሽ ቢሆን ኖሮ የተጠማ ነገር አይተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ አታልፊም ነበር!»

ባልዲውን ከእጇ ነጠቀችና አስፋልቱ ላይ ደፋችው። ውሃው ተንጣለለ፣ ጠበበ፣ ዓይናቸው እያየ ጠፋ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሣሩን የሚያጠጣው የለም። ጠርፋ የፈለገችውን አገኘች። የመንገዱ ሰው ግን ነገሩን በገባው መንገድ ተረዳው፤ ጠርፋ የሙት ሶደቃ ከለከለች ተባለ። ጎረቤት ቤት ጀሪሽ ለሚሉት የስንዴ ክክ ምግብ ተጠርታ ስትገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ፤ ጠጋ በይ ያላት አልነበረም። ጀሪሹ በአፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነባት። አቡ ጋኒም ሚትዓብን ከሶላት በኋላ ይዘው «ሱሄልን እጠብቃለሁ ብያለሁ፤ ቃሌ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ቢያማልድ አልሰማም» አሉት።

ከሁሉ የከፋው ማቀዝቀዣው ነበር። ወድሓ ከቤት አልወጣችም፤ ማቀዝቀዣውንም አልሞላችም። አንድ ቀን በቀትር ጠርፋ የጎዳና ጠራጊውን በስንጥቁ አየችው። ኩባያውን ደግኖ ቧንቧውን ተጫነ። እንደገና ተጫነ። ጎንበስ ብሎ ወደ ቧንቧው አፍ ተመለከተ። ከዚያ ኩባያውን ቀስ ብሎ በሰንሰለቱ ለቀቀውና መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። የሰንሰለቱ ድምፅ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ጠርፋ ጆሮ ውስጥ ቀረ።

«ሂድ ሙላው» አለችው ወንድሟን።

«የእሷ ነው። የልጇ ነው። ሳትፈቅድ አልነካውም።»

ጠርፋ ማንኪያ አነሳችና ወጣች። ወደ ጤነኛው ጫፍ ሄዳ ከሁሉ የሞላውን፣ ከሁሉ የጠነከረውን ጉብታ መርጣ ዙሪያውን መቆፈር ጀመረች። ሚትዓብ ከበሩ ላይ ጮኸባት።

«ኧረ አንቺ ሴት! የተረፈው ያ ነው! ካማረሽ ከበሰበሰው አትቆፍሪም?»

«ከበሰበሰውም እወስዳለሁ።»

ሁለቱን በአንድ ትልቅ ሳህን አኖረቻቸው፤ ለጎረቤት ምግብ እንደሚወሰድ በጨርቅ ሸፈነችና መንገዱን ተሻገረች። የወድሓን በር መታች። ዝም። «ወድሓ!» አለች። ዝም። ከሱቁ ደጃፍ የቆሙ ሰዎች ዞር ብለው አዩ። ጠርፋ ሳህኑን አጥብቃ ያዘችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ኡም ዓጅላን!»

መንገዱ ሁሉ የደነገጠ መሰለ። ከውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ የእግር ኮቴ መጣ፤ በሩም ተከፈተ። ወድሓ ዓይኗ አብጦ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር ቆማለች።

«ምን አልሽ?»

«ኡም ዓጅላን አልኩሽ። አስገቢኝ፤ ጉልበቴ አይቆምልኝም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጠርፋ ጨርቁን ገለጠችና ጤነኛውን ጉብታ በወድሓ ጭን ላይ አኖረችው። ወድሓ በፍርሃት አየችው። ከገለባው ሥር የተንጠለጠሉት ሥሮች ሥር አይመስሉም፤ እያንዳንዱ ከላይ እስከ ታች በአሸዋ እጅጌ ተሸፍኗል። አሸዋው ተጣብቆ፣ ተጠቅጥቆ፣ ለሥሩ በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆኗል። ቢያራግፉት አይረግፍም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነው። ሥሩ ሙጫ ያወጣና አሸዋውን እላዩ ላይ ይለጥፈዋል። ስጪኝ እጅሽን።» የወድሓን ጥፍር ይዛ በአንዱ እጅጌ ላይ ሰነጠቀችው። አሸዋው ተከፈለ። ውስጡ ሥሩ ነጭ ነበር፤ ወድሓ በጣቷ ስትነካው ቀዝቀዝ ብሎ፣ ወዛም ሆኖ አገኘችው። ውጭ የመኪና በር በሚያቃጥልበት ቀን፣ ከዚያ ከጋለ መሬት የወጣ ሥር!

«የጥር ዝናብ ነው ይሄ» አለች ጠርፋ። «ጠጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። አልተጠማም፤ ወላሂ አልተጠማም።»

ወድሓ ሥሩን ደግማ ነካችው። ከዚያ ሌላኛውን ራሷ ከሳህኑ አነሳችው። ልብሱ ረግፏል፤ ሥሩ ጠቁሮ ጣቷ ላይ ሟሟ። አሸተተችውና ፊቷን አዞረች።

«እኔ ነኝ።»

«አላወቅሽም። እኔም አልነገርኩሽም። ስምሽን መጥራት እንደፈራሁ ሁሉ ይህንንም መንገር ፈርቼ ነበር።»

«አዎ፤ ሁላችሁም ትፈራላችሁ» አለች ወድሓ። በአሸዋ የለበሰውን ሥር በመዳፏ ይዛ ታየዋለች። «እሱም እንዲህ ያለ ልብስ ቢኖረው።»

ጠርፋ ተቀምጣ አብራት አየች። ሲቆይ ግን የመጣችበትን ተናገረች።

«ሱሄል ሲወጣ ይነቃል። ያን ጊዜ ጥቂት ውሃ ከንፈሩን ማስነካት አለብኝ፤ አለዚያ በአቡ ጋኒም ቀን አረንጓዴ አይታይም። ቧንቧውን ዘግተውታል፤ ሚትዓብም ቦቴውን ከሸጠ ቆይቷል። ከቤት እንዳላመላልስ ጉልበቴ እምቢ ይለኛል፤ ያንቺ ባልዲ ያስፈልገኛል።»

ወድሓ እሺም እምቢም አላለችም። ጉብታውን ግን ከጭኗ አላነሳችውም፤ ጠርፋ ባዶ ሳህኗን ይዛ ወጣች።

በነሐሴ መጨረሻ አቧራ ተነሳ። ጠርፋ ከሱብሂ ሶላት በፊት ጣሪያ ላይ እየወጣች ወደ ደቡብ ታያለች፤ ሰማዩ የቆሸሸ ጨርቅ ነው። «የቀን መቁጠሪያውማ ወጥቷል ይላል» አሉ አቡ ጋኒም፤ ሳምንታቸውን መቁጠር ጀመሩ። ጠርፋ ግን የወረቀት ኮከብ አልፈለገችም። መሬቱ በመዳፏ ሥር ገና ትኩስ ነበር፤ አሁን ብታጠጣው ወድሓ ያደረገችውን ራሷ ታደርገዋለች። ብትቆይ ደግሞ ፕላስቲኩ ይመጣል። ከሁለቱ ፍርሃት መሀል እንቅልፏ ጠፋ።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ነፋሱ ዞረ። ንጋት ላይ ጣሪያው ላይ ስትወጣ የፊቷ ቆዳ ቀዘቀዘ። ከቤቶቹ በላይ፣ ከመሬት እምብዛም ሳይርቅ፣ አንድ ኮከብ ቀይም አረንጓዴም ነጭም እየሆነ ይርገበገባል፤ ወይ ለመውጣት ወይ ለመመለስ ያመነታ ይመስላል። ጠርፋ ጉልበቷን ረስታ ደረጃውን ወረደች።

ወድሓ ማቀዝቀዣው ጋ ቆማለች። ባልዲው ሞልቷል። እሷም ከጣሪያዋ ስታይ ኖሯል።

«ምን ያህል?» አለች።

«ለአንዱ አንድ ኩባያ።»

«አንድ ኩባያ? አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ ሌላ ያገባብሽ በዚህ ቆጣቢነትሽ ነው እንጂ በመሀንነት አይደለም!»

ጠርፋ ሳቀች። በዚያ ነገር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሁለቱም ተንበርክከው አጠጡ፤ ሶላት ሲጠራ ጨርሰው ነበር። ያን ዕለት ማቀዝቀዣው ተሞላ፤ የጎዳና ጠራጊው ሁለት ኩባያ ጠጥቶ ሦስተኛውን ራሱ ላይ ሲያፈስ ታየ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። በማግስቱ ገለባ። ከዚያም ቀጥሎ ገለባ። ጠርፋ እንደገና ማሽተት ጀመረች፤ ያ ኮምጣጣ ሽታ የመጣባት እየመሰላት ልቧ ይወርዳል። ወድሓ በቀን ስንት ጊዜ ከበሯ ብቅ እያለች በዓይኗ ትጠይቃለች፤ ጠርፋ ራሷን ትነቀንቃለች።

ጭነት መኪናው የመጣው ከአሱር በኋላ ነው። ፕላስቲኩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሏል፤ አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። አቡ ጋኒም ከመስጊዱ ወጡ። ሰውም ተሰበሰበ። ከማቀዝቀዣው በኩል ያለው ግማሽ ጠቁሮ ተኝቷል፤ ሌላው ግማሽ ቢጫ ነው።

«እህታችን ጠርፋ» አሉ አቡ ጋኒም፣ በእውነት አዝነው። «ሱሄልም ወጣ። ሳምንቱም አለፈ። ምን ላድርግ?»

ጠርፋ ወደ መሬቱ አየች፤ ከቆመችበት ምንም አይታያትም። የታመመ ጉልበቷም አላጎነብስ አላት። ሠራተኞቹ የመጀመሪያውን ጥቅል አወረዱ።

«ቆዩ!» አለ አንድ ድምፅ። ወድሓ ነበረች። ዓመት ሙሉ በአደባባይ ያልተሰማ ድምፅ ነው፤ ሰው ገለል አለላት። ከጉብታዎቹ አንዱ አጠገብ በሆዷ ልትተኛ ምንም አልቀራትም፤ ገለባውን በጣቶቿ ለሁለት ከፈለችው።

«አቡ ጋኒም፣ ጎንበስ ይበሉ።»

«እህቴ፣ እኔ…»

«ለሶላት ይጎነብሱ የለም? ይጎንብሱ!»

ከኋላ ሳቅ አፈተለከ። አቡ ጋኒም ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩ። መነጽራቸውን ፈለጉ፣ አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ገለባው አስጠጉ። የመኪናው ሞተር ጠፋ።

በደረቁ እግር መሀል፣ ከመርፌ የማይወፍር፣ ከጥፍር የማይረዝም፣ አንድ አረንጓዴ ነገር ቆሟል። ከጎኑ ሌላ። ወደሚቀጥለው ጉብታ በጉልበታቸው ሄዱና ገለጡ። ወደሚቀጥለውም። በነኩት ሁሉ ውስጥ አለ። ካልጎነበሱ አይታይም።

«ሱብሓነላህ» አሉ ከመሬት ሳይነሱ፤ ሲቆዩም ወደ ጠቆረው ግማሽ ጠቆሙ። «ያስ?»

«ያኛውን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ወድሓ፣ ሁሉም እየሰማ። «የዚህኛው ፍሬ በመጋቢት ይረግፍበታል። እኔ እጠብቀዋለሁ። መሬቱ ለዓጅላን ነፍስ ይሁንልኝ፤ ውሃውን ለሰው እሰጣለሁ፣ ለዚህ ደግሞ መጠበቁን።»

የልጁ ስም በአደባባይ ተጠራ፤ ሰማዩም አልወደቀም። አንድ ሽማግሌ «አላህ ይዘንለት» አሉ፤ ሌላው ተከተላቸው፤ ከዚያ ሁሉም።

«አባቴ፣ ይሄንን የት ላድርገው?» አለ የመኪናው ሹፌር፣ ጥቅሉን ታቅፎ።

አቡ ጋኒም ልብሳቸውን አራገፉ። «ጫማ ማውለቂያው ላይ አንጥፉት። ሲሚንቶው እግር ያቃጥላል።»

ሰው ሲበተን ጠርፋ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ወድሓ ከጎኗ ተቀመጠች። ባልዲው በመካከላቸው ነበር፤ ከሥሩ ጥቂት ውሃ ቀርቶበታል።

«ነገ ላጠጣው?» አለች ወድሓ።

«ነገ አይሆንም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«አይሆንም አልኩሽ።»

«ኩባያ ሳይሞላ? ለዚያ ለጫፍ ላለው ብቻ? እሱ ትንሽ ከሳ ብሎብኛል…»

«ኡም ዓጅላን!»

«አቤት» አለች ወድሓ።